«ሙፍሊሕ እና ልጆቹ»

ለወንድሜ ለሙንዚር፣ ለኤሚል አባት፣

የቤታችን ሰው ሁሉ ሰላምታ ከእኔ ከእህትህ ሰላምታ ጋር አንድ ላይ ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል ለወገብ እንደማይበጅ እናታችን በየሳምንቱ ትነግረኛለች፤ የጥርስ ሐኪሙ አንተ ሆነህ ሳለ የምትቆጣው እኔን ነው። ዶይና እንዴት ናት? የእናቷስ እግር? ጀሶው ወጣላቸው ወይ? ኤሚል ሒሳቡን አለፈ? ዳንያ አሁንም ሽንኩርት እየለቀመች ከሳህኑ ዳር ትደረድራለች? እዚያ ቲሚሾአራ ብርዱ ሳይገባ አይቀርም። እዚህ ገና ሹራብ አላወጣንም።

እኛ ደህና ነን። የእናታችን ጉልበት ደረጃ ስትወጣ ያማታል፣ ስትወርድ አያማትም፤ ስለዚህ ታች ጎረቤት ዘንድ ለመሄድ ማንንም አታስቸግርም፣ ለመመለስ ግን ሰፈሩን ሁሉ ትጣራለች። የአባታችን ጆሮ ደክሟል። የላክህላቸውን መስሚያ ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል። ይሁን እንጂ ታች ሱቃችን ያለው የቆሎ መቁያ ማሽን ድምፁን ትንሽ ከቀየረ ከላይ ቤት ሆነው ወለሉን በከዘራ ይመታሉ። የማይሰሙት ሰው ሲናገር ብቻ ነው። ወንድማችን ቁተይባ ደህና ነው፣ ትንሽ ወፍሯል። እኔም ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ታፔላ ቀየርን ትላላችሁ፣ ታፔላ መቀየር ምኑ ነው የሚያስቃችሁ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ እጽፍልሃለሁ አልኩህ። ይኸው።

የድሮው ቆርቆሮ ትዝ ይልሃል። አረንጓዴ መደብ፣ ነጭ ጽሑፍ፣ «ቆሎ ቤት ሙፍሊሕ እና ልጆቹ»። ጫፉን ዝገት በልቶት ነበር። ነሐሴ ላይ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው መጥቶ የንግድ ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት ታፔላው ይቀየር አለን። ጨዋ ሰው ነው፣ ኦቾሎኒ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። ደንቡን የያዘች አንዲት ወረቀት ሰጠን። ዐረብኛው ከላይ ይሁን፣ ይበልጥ ይጉላ፤ የውጭ ቋንቋ ከፈለጋችሁ ከስሩ አነስ ብሎ ይጻፍ፤ ትርጉሙን ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ማኅተም ያሳርፍበት ትላለች። ቁተይባ ከዚህ ሁሉ የሰማው «የውጭ ቋንቋ ከፈለጋችሁ» የምትለዋን ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሲመኛት የኖረ ነገር ናት።

እውነቱን ለመናገር መንገዳችን አንተ እንደምታውቀው አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ እኛ ድረስ በዐረብኛ ብቻ የጻፍን እኛና ጋዝ ሻጩ ብቻ ቀርተን ነበር። ከፊት ለፊታችን ያለው ጸጉር ቆራጩ ሐቢስ «ፖፕ ስታር» ማለት ፈልጎ «ቦብ ስታር» ብሎ አጽፏል። ፐ ከአፋችን ስለማትወጣ ከእጃችንም አትወጣም። አሁን የማላይዢያ ተማሪዎች ሚስተር ቦብ ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። ከባንኩ ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ በትልቁ «ባርኪንግ» ተብሎ ተጽፎበታል። ባርኪንግ በእንግሊዝኛ የውሻ ጩኸት መሆኑን ያወቅነው አንዲት ተማሪ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ፎቶ ስታነሳው ነው። ጥበቃው ግን ቅር አላለውም፤ «ውሻ ቢኖርማ እኔ ባረፍኩ ነበር» ነው ያለው። የሴት ልብስ ሱቁ ስም ፈረንሳይኛ ነው ይላሉ፤ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ አምነናል።

የመጀመሪያውን ንድፍ ቁተይባ ራሱ በስልኩ ሠራው። ወጣቶቹ በስልክ ሲጻጻፉ ዐረብኛውን በላቲን ፊደል እንደሚጽፉት ታውቃለህ፤ ላቲን ውስጥ የሌለችውን የጉሮሮዋን ሐ በሰባት ቁጥር ይተኳታል። ቁተይባም የአባታችንን ስም እንዲሁ ጽፎ መጨረሻው ላይ ቀይ ሰባት ቁጥር አቆመበትና ለአባታችን አሳያቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። «ይህ ሰባት ምንድን ነው?» አሉ። «የስምዎ ሐ ናት አባባ፣ ዘመናዊ አጻጻፍ ነው» አላቸው። «የስሜ ሐ መቼ ነው ቁጥር የሆነችው? ግብር ሰብሳቢ ቢያየውና ሰባተኛው ሱቅ ይህ ከሆነ ስድስቱን የት ደበቃችሁ ቢለን ምን ልትመልስ ነው?» ቁተይባ ዛሬ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚጽፍ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አባታችን ግን እዚህ ላይ መስማት አቆሙ። ሰባቷ በዚሁ ቀረች።

ሁለተኛው ቁም ነገር ያለው ይሁን ተባለና ሰኞ ዕለት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወዳሉት ተርጓሚ፣ ወደ ኡስታዝ ጀሪስ ሄድን። እኔ አብሬው የሄድኩት የአባታችንን መታወቂያ ይዤ ነው፤ ቁተይባ እጅ ላይ ወረቀት አይበረክትም። ኡስታዝ ጀሪስ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፣ እጃቸው የገባውን ሁሉ እንደ ፈተና ወረቀት ያርማሉ። ጽሑፉን ተቀበሉ፣ «ሙፍሊሕ እና...» ብለው እስክሪብቷቸው ቆመ። «ልጆቹ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰመሩባት።

«እዚህ ላይ ዐረብኛው አንድ ቃል አለው፣ እንግሊዝኛው ሁለት» አሉ። «ሰንስ ብዬ ከጻፍኩ ወንዶቹ ብቻ ናቸው። ሴት ካለችበት ችልድረን ነው፤ ችልድረን ካልኩ ደግሞ ፈረንጅ የሕፃን ልብስ ሊገዛ ይመጣባችኋል። የትኛው ነው?» ቁተይባ «ሰንስ ነዋ ኡስታዝ! የዓለም ሱቅ ሁሉ ሰንስ ነው የሚለው» አለ። የቸኮለ ሰው አነጋገር ነው፣ ክፋት አልነበረበትም። እኔም ምንም ልናገር አላሰብኩም ነበር። «ቆይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነው።

አየህ ሙንዚር፣ እኛ በዐረብኛ አውላድ፣ ልጆች፣ ስንል ወንዱም ሴቱም ይገባበታል። ልጅ ሆነን እናታችን ከደረጃው ላይ «ልጆች፣ ምሳ!» ብላ ስትጣራ ሦስታችንም ነበር የምንሮጠው። ያው ቃል ግን ሰው አባታችንን «ስንት ልጆች አሉህ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ይጠባል። «ሁለት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «እና አንዲት ሴት» ብለው የሚጨምሩት ጠያቂው ካልቸኮለ ነው። ቃሉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ታፔላ ስር ስገባና ስወጣ «አለሁበት ወይስ የለሁበትም?» ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ዐረብኛው አያስጠይቅማ። እንግሊዝኛው ግን አፋጠጠኝ። ከባሌ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ሃያ አንድ ዓመት ያን ማሽን የማቀጣጥለው እኔ ነኝ። ቁተይባ ባንኮኒው ላይ ከቆመ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ጭስ ካደበዘዘው የመቁያው መስታወት ጀርባ ስለሆንኩ ገዢው የሚያየው እሱን ነው፤ ያ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ተጽፎ የሚሰቀል ነገር ግን ሌላ ነው።

«እኔስ?» አልኩት። «አንቺማ አለሽ» አለ። የት ብዬ ብጠይቀው «ሱቅ ውስጥ ነሻ!» አለኝ። ታፔላው ላይ ነው የምልህ ስለው ደግሞ «እህቴ፣ ለአንዲት ቃል ነው የምንጣላው? ፈረንጅ መጥቶ ኢንዓም የት አለች ብሎ ሊጠይቅ ነው?» አለ። ከዚያ ነገሩ እንዳይከር ፈልጎ «እሺ ኡስታዝ፣ ቤተሰብ ይበሉት» አላቸው። ኡስታዝ ጀሪስ የወሰድንላቸውን የዱባ ፍሬ እየፈለፈሉ ነበር። «ዐረብኛው ቤተሰብ አይልም» አሉ። «ልጆቼ፣ እኔ ከራሴ አልፈጥርም። አባታችሁ ሲያጽፉት ማንን ማለታቸው እንደነበረ ጠይቃችሁ ኑ፣ እኔ እሱን እተረጉማለሁ።»

ደረጃውን ስንወርድ ለቁተይባ ቁርጡን ነገርኩት። ሰንስ የሚል ነገር ከተሰቀለ ሰንሶቹ ራሳቸው ይቁሉ። አንተ ከቲሚሾአራ፣ እሱ ከባንኮኒው። አባታችን እስኪጠየቁም ድረስ እኔ ሱቅ አልወርድም። ሳቀ። ማክሰኞ ጠዋት ስቀርበት መሳቁን ተወ።

ሦስት ቀን ቤት ተቀመጥኩ። ሱቁ ከስራችን ስለሆነ ሽታው ከገዢው ቀድሞ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ማክሰኞ ኦቾሎኒው ጥሬ ወጣ። ረቡዕ የሐብሐብ ፍሬው ከሰለ። አባታችን ወለሉን በከዘራ ሲደበድቡ ዋሉ፣ ቁተይባም ከታች «አውቄአለሁ! አውቄአለሁ!» ሲል ዋለ። እኔ ከእናታችን ጋር ዝኩኒ እየቦረቦርኩ ሩዝ እሞላለሁ። እናታችን ከላይ እያሸተተች «ጨዉን ውሃ ውስጥ ሳያሟሟ ነው የሚረጨው» ትላለች እንጂ ውረጂ አላለችኝም። አንድ ጊዜ ቁተይባ እስከ ደረጃው ግማሽ ወጥቶ «ኢንዓም፣ እሳቱን በስንት ነው የምታደርጊው?» ብሎ ጮኸ። «ሰንሶቹን ጠይቅ» አልኩት። ሐሙስ ዕለት ሐቢስ ከመንገዱ ማዶ «ቁተይባ! ቆሎ ነው ከሰል የምትሸጠው?» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኔም ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ዓርብ ምሳ ላይ ነገሩ ተነሣ። ቁተይባ ወደ አባታችን ጆሮ ተጠግቶ፣ ቃል በቃል እየረገጠ፣ «አባባ፣ ታፔላው ላይ እና ልጆቹ ብለው ሲያጽፉ ማንን ማለትዎ ነበር?» አላቸው። አባታችን ያኝካሉ። «ሩዙ ጨው አንሶታል» አሉ። እናታችን ሳቀች። ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ «ንገራቸዋ!» አለቻቸው።

አባታችን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ታፔላው የተጻፈው በስድሳ ስድስት፣ ከሃምሳ አንድ ዓመት በፊት ነው። እሳቸው ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ላጤ ናቸው፤ ያላቸው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ምጣድና አንድ ወንፊት ነው። ጽሑፍ ጻፊው ሩሽዲ «ቆሎ ቤት ሙፍሊሕ» ብለው ሲጨርሱ የቆርቆሮው ግማሽ ባዶ ቀረ። «ባዶ ቆርቆሮ ያስጠላል፣ ምን ልጨምርበት?» ይሏቸዋል። አባታችን «እኔ እንጃ፣ ለጎረቤቴ ምን ጨመርክለት?» ይላሉ። ሩሽዲ «እና ልጆቹ» ይላሉ። «እንግዲያው ለእኔም ጨምርልኝ።» ይኸው ነው።

ቁተይባ «ቦታ ለመሙላት?» አለ። «ቦታው ሰፊ ነበር» አሉ አባታችን።

የቀረውን እናታችን ጨመረችበት። በዓመቱ ሽማግሌ ሲላክባት አያታችን ሊያባርሯቸው ነበር አሉ። ከገበያ ሲመለሱ በሱቁ በኩል አልፈው ታፔላውን አንብበዋል። «ሚስትና ልጆች ላለው ሰው ልጄን በላይዋ ላይ አልሰጥም» ብለው ደነፉ። ሽማግሌዎቹ ሙፍሊሕ ልጅ የለውም፣ ሚስትም አግብቶ አያውቅም ብለው ቢምሉ «ታዲያ ቆርቆሮው ነው የሚዋሸው?» አሏቸው። መጨረሻ ላይ ሩሽዲ ራሳቸው ተጠርተው፣ እጃቸው ቀለም እንደነካው፣ በሰው ፊት ቆመው «ልጆቹ የእኔ ናቸው» ብለው መሰከሩ። እናታችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ይህን ስትሰማ ሳቋ አምልጧት ነበር። አያታችን ሳቋን ሰምተው «እንግዲህ እሷም ወድዳለች» አሉ።

ስቀን ስቀን ምሳው ቀዘቀዘ። ግን እስቲ አስበው። ያ ቃል አንተን አይልም፣ ቁተይባንም አይልም፣ እኔንም አይልም። እኔና ቁተይባ ሳምንት የተኳረፍንበት ነገር የቆርቆሮ ባዶ ቦታ መሙያ ነው።

ቁተይባ ሲረጋጋ «እሺ፣ ያኔ ማንም አልነበረም። አሁንስ?» አላቸው። ይህን በመጠየቁ በሆዴ አመሰገንኩት። አባታችን ወደ እኔ አላዩም፤ የሩዙን ሳህን ወደ ራሳቸው እየሳቡ «አሁን የሚቆላው ማን ነው?» አሉ። ኢንዓም ናት አላቸው። «የሚሸጠውስ?» እኔ ነኝ አላቸው። «እንግዲያው ስማችሁን ጻፉ። ልጆች፣ ልጆች እያላችሁ አታድርቁኝ።»

የቁተይባ ፊት ተለዋወጠ። ታውቀዋለህ። በሰርግ መጥሪያ ላይ እንኳ ሙሽራዋ «ልጃቸው» ተብላ በምትታለፍበት አገር የሴት ስም መንገድ ላይ ሊሰቀል! ትምህርት ቤት ሳለ የእናታችንን ስም የሰማ ልጅ እንዳይኖር ስንቱን ተደባድቧል። «አባባ፣ የእህቴን ስም አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊያነበው ነው?» አለ። አባታችን «በእንግሊዝኛ ነው አላልክም? በእንግሊዝኛ ማን ያነበዋል?» አሉት። ቁተይባ አሰበበትና ልክ ነው አለ። ዐረብኛው እንደነበረ ይቆያል፣ ከስሩ በእንግሊዝኛ «ሙፍሊሕ፣ ኢንዓም እና ቁተይባ» ይባላል። ተማሪ ያነበዋል፣ ሰፈር አያነበውም። ስሞቹ በፊደል ተራ ይሁኑ ብሎ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረገ፤ በእንግሊዝኛም በዐረብኛም የምቀድመው እኔ ነኝ። ተስማማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወርጄ ማሽኑን አጸዳሁ፤ ከውስጡ የወጣውን ጥቁር ነገር ለሐቢስ እንዳይታይ በጆንያ አስወጣሁት።

ኡስታዝ ጀሪስ «የአባታችሁ ቃል ከሆነ እሺ» ብለው ማኅተማቸውን አሳረፉ። እሑድ፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ ቁተይባ ወረቀቱን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ረጋ ብላ አንብባ መለሰችለት። «እንግሊዝኛው ሁለት ስም አለው፣ ዐረብኛው የለውም» አለችው። የውጭው ቋንቋ ዐረብኛው ያላለውን ሊል አይችልም። ወይ ስሞቹን ከእንግሊዝኛው አውጡ፣ ወይ ዐረብኛውም ላይ ጻፏቸው። «ዐረብኛው ላይ?» አላት። «ዐረብኛው ላይ። ከላይ። ጎላ ብሎ» አለችው፣ ደንቡን በጣቷ እያሳየችው። «አንቺ፣ የእህቴ ስም እኮ ነው!» ቢላት «የእኔም ስም ይኸው ደረቴ ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን ሰማይ አልተደፋም» አለችው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ስሟን ግን አላነበብኩትም ብሎ ማለልኝ።

እንግዲህ ምርጫው የእሱ ሆነ። ስንት ዓመት የተመኘውን እንግሊዝኛ ይተው፣ ወይም ስሜ በዐረብኛ ሁለት ስንዝር ሆኖ ይሰቀል። እኔ ያለኝን ተናግሬ ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛው ቀርቶ «እና ልጆቹ» እንደነበረ ቢሰቀል ሱቁን አልተውም ነበር፤ ያንንም ነግሬዋለሁ። ብቻ ከዚያ በኋላ የምቆላው ባዶ ቦታ መሙያ ስር መሆኔን እያወቅኩ ነው። ሌላ ማስፈራሪያ አልነበረኝም፣ አላስፈለገኝምም።

ቁተይባ እሑድ ከሰዓት ገዢ ሲያስተናግድ ዋለ። ሰኞም ከገዢ ጋር ብቻ ነው ያወራው። ማክሰኞ መስታወቱን አንኳኳ፤ ማሽኑ ስለሚጮህ አልሰማሁትም። ገብቶ አጠገቤ ቆመና እጄን ማየት ጀመረ። «ጨው መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ነው እንዴ የሚሟሟው?» አለ። «ስምንት ዓመት እዚህ ቆመህ ዛሬ ነው የምትጠይቀው?» አልኩት። «ስትሠሪ አይቼሽ አላውቅማ» አለ። ሙቀቱ አላስቆመውም፣ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እዚያው እያየሁት ታፔላ ሠሪው ዘንድ ደወለ። «ጻፈው» አለው። «አዎ፣ በዐረብኛ። አዎ፣ የእህቴ ስም ነው። ምን ያስቅሃል? አንተ እህት የለህም?»

ሐሙስ ተሰቀለ። አባታችን ወንበር አስወጥተው ከመንገዱ ማዶ ተቀመጡና ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። «ቆሎ ቤት ሙፍሊሕ፣ ኢንዓም እና ቁተይባ»፣ ከስሩ ያው በእንግሊዝኛ። «ሞልቷል» አሉ። ሐቢስ መቀሱን እንደያዘ ከበሩ ወጥቶ፣ ደንበኛውን ግማሽ ጸጉር ትቶ፣ ስሜን ጮክ ብሎ አነበበ። ቁተይባ ፊቱ ቀላ። ግን መለሰለት፤ «የእኛው ቢያንስ በትክክል የተጻፈ ነው፣ ሚስተር ቦብ!» መንገዱ ሁሉ ሳቀ፣ የሐቢስ ግማሽ የተቆረጠ ደንበኛም ጭምር።

የተፈራው ነገር አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ሦስት ስም ለመጥራት ጊዜ ያለው ሰው የለም፣ ስለዚህ ሰዉ አሳጠረው። የታክሲ ሾፌሮች «ኢንዓም ጋ» ማለት ጀምረዋል። ባለፈው ሁለት የማላይዢያ ተማሪዎች ገብተው ቁተይባን «ኢንዓም አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁት። «የለም፣ እኔ የእሷ ሻጭ ነኝ» አላቸው። ሲነግረኝ ግማሹን ተቆጥቶ ግማሹን ኮርቶ ነው። ከኋላ መንገድ ልብስ የምትሰፋው ሴትዮም መጥታ ቆሎ ሳትገዛ ታፔላውን ለረጅም ጊዜ አየችና «ስም ለማጻፍ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?» አለችኝ። «የማዘጋጃ ቤት ብቻ» አልኳት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው። ትናንት አባታችን ጠርተውኝ «ሙንዚር ቅር ይለው ይሆን?» አሉኝ። «እና ልጆቹ» ሲባል አንተም ያለህበት ይመስልህ ነበር፤ አሁን በስም ሲጠራ የለህም። ሰው ሁሉ እሳቸውን አቡ ሙንዚር እያለ የሚጠራቸው በአንተ ነው። እኔ መጀመሪያ «ሐኪም ነው፣ ቆሎ ቤት ላይ መጻፉ ምን ያደርግለታል?» ልላቸው ነበር። ግን «እኔስ?» የምትለዋን ጥያቄ ስለማውቃት ምላሴን ያዝኩ። እንግዲህ ሳታፍር በግልጽ ጻፍልን። ታፔላ ሠሪው ከቁተይባ ቀጥሎ አንድ ስም የሚያስገባ ቦታ አለ ብሏል። አባታችን ግን የቆላ ወይም የሸጠ ብቻ ነው የሚጻፈው ይላሉ፤ ሩቅ ስለሆንክ አንድ የበጋ ወር ይበቃሃል ብለውሃል። ልጆቹን ይዘህ ና። ዳንያን እኔ ከመስታወቱ ጀርባ አስቆማታለሁ፣ ኤሚል ከቁተይባ ጋር ይመዝን። አንተ ማሽኑ ላይ ነህ። የሐብሐብ ፍሬውን ያሳረርክ እንደሆነ ግን ደንብ ጥሰን በእንግሊዝኛ ብቻ እንጽፍሃለን።

ለዶይና ብዙ ሰላምታ፤ የላከችውን የእጅ ክሬም እየተቀባሁ ነው፣ የጨው ስንጥቁ ደርቆልኛል በልልኝ። ለእናቷ እግዚአብሔር ጉልበታቸውን ይመልስላቸው። ኤሚልን ሳምልኝ። ዳንያን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ፤ ሽንኩርቱን አታስገድዷት። እናታችን ሹራብ ልበስ፣ ወገብህን አጥብቀህ እሰር ትልሃለች። አባታችን ሰላም ይሉሃል፣ መስሚያውንም እየተጠቀምኩበት ነው በይው ብለውኛል። ቁተይባ ስለ ከሰሉ ከሐቢስ የምትሰማው ሁሉ ውሸት ነው ይልሃል።

እህትህ ኢንዓም

ኢርቢድ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2017